ኦቾሎኒ የተጠቀለለበት ካርቱን፦ ጅማ መርካቶ ውስጥ ስላለ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ቤት

ይህን ሱቅ ያገኘሁት በ10 ብር ኦቾሎኒ ነው።

ጅማ መናኸሪያ በር ላይ ሰው እየጠበቅሁ ነበር። አንዲት ልጅ ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። በልቼ ጨርሼ ወረቀቱን ልጥል ስል ቀለሙ ሳበኝ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ዘርግቼ አየሁት። አንድ ጡንቸኛ ሰውዬ ወንዝ ውስጥ ከአዞ ጋር ይታገላል። ከአፉ በወጣች ነጭ አረፋ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ጨውና ዘይት ነክቶታል እንጂ ገጹ ምንም አልጎደለውም።

"ይሄን ወረቀት ከየት አመጣሽው?" አልኳት።

"ከመርካቶ። በኪሎ ነው የሚሸጡልን።"

"ሌላ አለሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ኦቾሎኒውን ትቶ ወረቀቱን የሚጠይቅ ደንበኛ ገጥሟት የሚያውቅ አይመስለኝም። ከፌስታሏ አንድ እፍኝ ወረቀት አወጣች። አብዛኛው የተማሪ ደብተር ነው፤ አራቱ ግን ካርቱን ናቸው። የ40 ብር ኦቾሎኒ ገዛሁ። ኦቾሎኒውን በደብተሩ ጠቅልይልኝ፣ እነዚህን ግን ሳታጥፊ ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። ሰጠችኝ። ስሄድ ለጓደኛዋ የሆነ ነገር ብላት ሁለቱም ሲስቁ ሰማሁ።

አሮጌ ካርቱን መሰብሰብ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በሥዕል ታሪክ የሚተርከውን ይህን መጽሔት ኮሚክ የሚሉት አሉ። እኛ ሰፈር ስሙ ካርቱን ነው፣ እኔም ካርቱን እላለሁ። አዲስ አበባ ለሥራ በሄድኩ ቁጥር ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉትን መጽሐፍ ሻጮች አስጨንቄ ነው የምመለሰው። 350 ኪሎ ሜትር ተጉዤ የምፈልገው ነገር እዚሁ ከቤቴ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ኦቾሎኒ ሲጠቀለልበት ኖሯል።

በነጋታው ሐሙስ ነበር፤ የገበያ ቀን። ልጅቷ በነገረችኝ ምልክት ሄድኩ።

ሱቁ ታፔላ የለውም። ልብስ ሰፊዎቹን አልፋችሁ፣ ሰልባጅ የተሰቀለበትን ጠባብ መተላለፊያ ይዛችሁ ወደ ውስጥ ስትገቡ በስተግራ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለ። በሩ ላይ "ያገለገለ መጽሐፍ ይገዛል ይሸጣል" ተብሎ በቀለም ተጽፎ ነበር፤ አሁን የሚነበበው "ያገለገለ" የሚለው ብቻ ነው። ውስጡ ከአንድ መኝታ ክፍል አይበልጥም። እስከ ጣሪያው መጽሐፍ ነው። የትምህርት ቤት መማሪያ፣ የደርግ ዘመን መጽሔት፣ የሕክምና መጽሐፍ፣ የፈተና ወረቀት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት። መሃል ላይ የጅማ በርጩማ አለ፤ በርጩማው ላይ ባለቤቱ፣ ከባለቤቱ ሥር ሬዲዮ።

ዕድሜያቸው ሰባን የተሻገረ ይመስለኛል። ስማቸውን እንዳልጽፍ ብለውኛል፤ "ግብር ልታስመጪብኝ ነው?" ብለው ሳቁ። ስለዚህ ጋሼ ናቸው። እኔም የምጠራቸው እንደዚያው ነው።

"አካም ቡልቴ?" አሉኝ ገና ከበር።

መለስኩላቸውና የኦቾሎኒውን ገጽ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

"ይሄ የተቀደደው ነው። ያልተቀደደው ከኋላ አለ።"

እውነቴን ነው፣ ጉልበቴ ከዳኝ።

ከኋላ ያለው የቡና ጆንያ ነው። ሁለት ጆንያ ሙሉ። እኔ ደግሞ ሥራዬ ቡና ቅምሻ ነው፤ ጆንያ ሲከፈት መጀመሪያ አፍንጫዬን ነው የምልከው። የአሮጌ ካርቱን ሽታ ደረቅ ሣርና ቫኒላ የተቀላቀለ ነገር ነው። ወረቀቱ ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ነው፣ ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ። እንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር በአየርና በብርሃን እየፈረሰ ሲሄድ ወረቀቱ ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራል፣ ያንን ጣፋጭ ሽታ ደግሞ ይለቃል። ጥሩ ሽታ የሚሸተው ስለሚሞት ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ጆንያ ይህን ሸተተኝ። ሁለተኛው ጆንያ የሸተተኝ ሻጋታ ነው፣ እርጥብ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና ዓይነት። የመጀመሪያውን ያዝኩ።

እንዴት ጅማ እንደደረሱ ጋሼን ብጠይቃቸው "ከፈረንጅ ቤት" ከማለት ሌላ ዝርዝር የላቸውም። እኔ ግን ግምት አለኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ካርቱኖቹ ላይ የታተመው እሱ ነው።) የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት በ1952 ሲከፈት ያቋቋሙትና ያስተማሩበት ከኦክላሆማ የመጡ አሜሪካውያን ናቸው። ያ ትምህርት ቤት ኋላ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። ከ1962 ጀምሮ ደግሞ ሰላም ጓድ የሚባሉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ። ቤተሰቡን ይዞ የመጣ ሰው ልጆች አሉት። ልጆች ባሉበት ካርቱን አለ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ማን ወረቀት በሻንጣ ይጭናል? ለዘበኛ፣ ለሠራተኛ፣ ለጎረቤት ልጅ ይቀራል። ከዚያ ቆጥ ላይ ይወጣል። ከቆጥ ወርዶ ጋሼ ጋ ይመጣል። ጋሼ ጋ ካልተሸጠ ኦቾሎኒ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ፤ ሰው ሁሉ ጋሼን ስለሚወዳቸው ብቻ ዝም ማለት አልፈልግም።

ጋሼ ዋጋ የሚጽፉት ሽፋኑ ላይ ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ። በትልቁ። ጥግ ላይ ቢሆን እሺ። እሳቸው ግን የሚመርጡት ባዶ ቦታ ነው፣ ሽፋን ላይ ደግሞ ባዶ ቦታ የሚገኘው ሰማይ ላይ ወይም ሰው ግንባር ላይ ነው። ጫካ ውስጥ በገመድ እየተወነጨፈ የሚሄድ ጀግና ግንባሩ ላይ "80 ብር" ተጽፎበት፣ ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበት አይታችኋል? እኔ ቤት ሰባት አሉ።

"ጋሼ፣ ለምን በእርሳስ አይጽፉትም?"

"እርሳስ ይጠፋል።"

"እኮ፣ እንዲጠፋ ነው።"

"ከጠፋ በኋላ መጥተሽ 40 ነበር ትይኛለሽ።"

መልስ አጣሁ፤ እውነትም እል ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታ ፕላስተር ነው። የተቀደደ ገጽ ሲያዩ እጃቸው ዝም አይልም። ፕላስተር ያነሳሉ፣ በጥርሳቸው ይቆርጣሉ፣ ለጥፈው በአውራ ጣታቸው ይሞዥቃሉ። እንደ ውለታ ነው የሚያዩት። የፕላስተሩ ሙጫ ግን ከጊዜ በኋላ ቡናማ ይሆንና ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ላስቲኩ ራሱ ይላቀቅና እድፉ ይቀራል። የተቀደደ ካርቱን እንደተቀደደ ቢቀር ይሻለዋል። ይህን ሳስረዳቸው በትዕግሥት አዳመጡኝና "ልብስሽ ሲቀደድ ሳትሰፊው ትለብሺዋለሽ?" አሉኝ።

ከዚያ ውጭ ስላለው ነገር ብዙ ልናገር እችላለሁ። መጀመሪያ ቀን ካወጣኋቸው መካከል "ክላሲክስ ኢለስትሬትድ" የሚባለው ተከታታይ ነበረበት። ታዋቂ ልብወለዶችን በካርቱን ያወጣ የነበረ የአሜሪካ ሕትመት ነው፤ በ1941 ተጀምሮ አሜሪካ ውስጥ 169 ቁጥሮች ወጥተዋል። መምህር የሆነ ሰው ለልጁም ለተማሪውም ቢያመጣው አይገርምም። እጄ የገባው ቁጥር 10 ነው፣ ሮቢንሰን ክሩሶ። ቤት ገብቼ ስመለከት ቁጥር 10 መጀመሪያ የወጣው በ1943 ነው። በጦርነቱ መሃል! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእህቴ ደወልኩ። ለእሷም እንቅልፍ አሳጣኋት።

ጠዋት ላይ የኋላ ሽፋኑን ገለበጥኩት። እዚያ ላይ አንባቢው በፖስታ ሊያዛቸው የሚችላቸው ሌሎች ቁጥሮች ተዘርዝረዋል። ምሥጢሩ እሱ ነው። ይህ ተከታታይ ደጋግሞ ይታተም ነበር፤ የቁጥሩ ስም አይቀየርም፣ ዝርዝሩ ግን በየሕትመቱ ይረዝማል። የዝርዝሩ የመጨረሻ ቁጥር ከካርቱኑ ቁጥር ጋር ከተቀራረበ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ሕትመት ነው። በጣም ከራቀ ድጋሚ ነው። የእኔው ቁጥር 10 ዝርዝሩ 167 ላይ ያበቃል። በ1960ዎቹ የታተመ ነው። ሽፋኑም በቀለም ቅብ የተሣለ ነበር፤ ይህ ተከታታይ እንደዚያ ዓይነት ሽፋን የጀመረው ከ1951 ወዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ዝርዝሩን እንኳ መቁጠር አያስፈልገኝም ነበር። 80 ብር ገዝቼዋለሁ፣ ከ80 ብር ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም። እህቴ እስከ ዛሬ "ክሩሶ እንዴት ነው?" እያለች ትጠይቀኛለች።

ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ሽፋኑ አያፍዛችሁ። የብዙዎቹ የአሜሪካ ካርቱኖች ልደት የተጻፈው የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ ባለች የጉንዳን ጽሑፍ ነው። ቁጥሩ፣ ወሩ፣ ዓመቱ፣ አሳታሚው እዚያ አሉ። ሽፋን ከሌለው ደግሞ ዕድሜውን የምታውቁት በእሷ ነው። ሽፋን ካለው ዋጋውም ይናገራል። ለረጅም ዘመን 10 ሳንቲም ነበር፤ አብዛኞቹ በ1961 መጨረሻና በ1962 መጀመሪያ ወደ 12 ዞሩ፣ በ1969 ደግሞ ወደ 15። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ወር ካርቱኑ ገበያ ከወጣበት ወር በኋላ ሁለት ሦስት ወር ይርቃል። ቶሎ ያረጀ እንዳይመስል ነው።

ስለ ሽፋን ካነሳሁ ስለ ታርዛኖቹ ልንገራችሁ። ሦስት ናቸው፣ ጎልድ ኪ የሚባለው አሳታሚ ከ1962 ጀምሮ ካወጣቸው። ሦስቱም ሽፋናቸው ከላይ ሲሶው የለም። ጋሼ "ልጆች ቀደዱት" አሉኝ። ልጅ ሲቀድ እንዴት እንደሚቀድ አውቃለሁ፣ የወንድሜን ልጆች አይቻለሁ። ይሄ ግን ቀጥ ያለ ነው። በምላጭ የተቆረጠ። ሦስቱም እኩል ቦታ ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ጋዜጣ ሻጩ ያልተሸጠለትን ካርቱን መመለስ ይችላል። ሙሉውን ቢልክ ማጓጓዣው ያከስራል። ስለዚህ የሽፋኑን ላይኛ ክፍል፣ ስሙ ያለበትን፣ ቆርጦ ይልካል፣ ገንዘቡ ይመለስለታል። የቀረውን ማስወገድ ነበረበት። ሁሉም ግን አላስወገደም፤ በርካሽ የሸጠው አለ። የእኔዎቹ ታርዛኖች ከዚያ ያመለጡ ይመስሉኛል። አንድ የአሜሪካ ሱቅ እንደወደሙ አድርጎ ሒሳብ የተቀበለባቸው ካርቱኖች ጅማ መርካቶ ጆንያ ውስጥ ተኝተው ከረሙ። ሰብሳቢ አይፈልጋቸውም። እኔ ግን ካሉኝ ሁሉ የማስቀድመው እነሱን ነው።

አሁን ስለ እርጥበት። እዚህ ላይ ራሴን ነው የምከሰው።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ለቡና ጥሩ ነው። ለጋዜጣ ወረቀት መርዝ ነው። ወረቀቱ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ የመሃሉ ሽቦ ይዝጋል፣ ዝገቱ ወረቀቱን እየበላ ቡናማ ጥላ ይጥላል። ሲደርቅ ደግሞ ይጨማደዳል። ወረቀት የሚበላው ብልም አለ።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ከሥራ ቦታ ጥሬ ቡና የሚቀመጥበትን አየር የማያስገባ ላስቲክ ገዝቼ ወሰድኩ። ሐምሌ ላይ 23 ካርቱን ጨምሬ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ። ከመስቀል በኋላ ፈታሁት። ሽታው ቀድሞ ነገረኝ። ስድስቱ ላይ አረንጓዴና ነጭ ሻጋታ ተኝቶባቸዋል። እርጥበቱን ከውጭ አልከለከልኩትም፣ ከውስጥ አስሬው ነው የከረምኩት። ቡናው እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ ከሆነ አትሰሩት፣ ይሻግታል እያልኩ ለገበሬ ስናገር የምውል ሰው ነኝ። ለባለሙያ ባልደረቦቼ ይህን እስካሁን አልነገርኳቸውም፤ ይህን ካነበባችሁ ነገርኳችሁ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። የገዛሁትን ካርቱን ወዲያው አላስርም። በበጋ፣ ፀሐይ በማይነካው ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሳምንት ክፍት አስቀምጠዋለሁ። ፀሐይ ላይ ማስጣት የለም፤ ቀለሙን ይበላዋል። በየመሃሉ አንድ አንድ አዲስ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አስገባለሁ፤ የዛሬው ወረቀት አብዛኛው አሲድ የለውም፣ መጠኑም ይበልጣቸዋል። ተራ ካርቶን አላስጠጋም፣ ካርቶን ራሱ አሲዳም ነው። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ከዘመድ አዝማድ ሰብስቤ እጨምራለሁ። ከዚያ ብቻ ነው የሚታሰረው። ሳጥኑ መሬት አይነካም፣ ግድግዳ አይደገፍም። አንዲት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አለችኝ። ለወረቀት ከ35 እስከ 50 በመቶ ይመከራል። ነሐሴ ላይ ክፍሌ 78 አሳየችኝ። አጥፍቼ አበራኋት። 78።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ግን ስለ ወረቀት አይደለም፤ "ስንት ያወጣል?" ነው። ሱፐርማን መጀመሪያ የወጣበት አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1፣ በ1938 በ10 ሳንቲም የተሸጠው፣ አንድ ቅጂው በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ይህን ለጋሼ የነገርኳቸው ቀን ስህተት ሠራሁ። ለሁለት ሳምንት ዋጋው ሁሉ ከ80 ወደ 300 ወጣ። ያ ካርቱን ከ10 ነጥብ 8.5 ያገኘ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2000 ጀምሮ ካርቱን ከ0.5 እስከ 10 ነጥብ እየሰጠ በጠንካራ ላስቲክ የሚያሽግ ድርጅት አለ። እኔም በሥራዬ ነጥብ ሰጪ ነኝ፤ ቡና ከ100 ሰማንያና ከዚያ በላይ ሲያመጣ ስፔሻሊቲ ይባላል። ልዩነቱ እኛ ነጥቡን የምንሰጠው ቀምሰን ነው። የታሸገው ካርቱን ግን ከዚያ በኋላ አይገለጥም። ላስቲኩን ከከፈታችሁት ነጥቡ ይሰረዛል። የእኔዎቹ እስክሪብቶ ያለባቸው ታርዛኖች ስንት እንደሚያመጡ አስቤ አላውቅም ብል ውሸት ነው። ግማሽ ነጥብ። ቢበዛ።

ሕልም ግን አለኝ። ፋንታስቲክ ፎር ቁጥር 52፣ ጁላይ 1966፣ የስታን ሊና የጃክ ከርቢ። ብላክ ፓንተር (ጥቁር ነብር እንደማለት) የተባለው ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ነው። ያኔ እዚህ የነበረ አንድ መምህር 12 ሳንቲም ከፍሎ ገዝቶት ቢሆንስ? ሥዕሉን በስልኬ ለጋሼ አሳይቻቸዋለሁ። ስገባ ገና ሳልቀመጥ "ያ ጥቁር ድመትሽ አልመጣም" ይሉኛል።

የጣሊያንኛዎቹም አሉ፣ በሌላ ካርቶን። ጣሊያኖች ካርቱንን ፉሜቲ ይሉታል፤ ትንንሽ ጭስ ማለት ነው፣ ከሰው አፍ ከሚወጣው የንግግር አረፋ የተነሳ። እዚህ ያሉት በብዛት ቴክስ የተባለው የካውቦይ ታሪክ ነው፤ ከ1948 ጀምሮ የሚታተም። ጅማ ላይ ጣሊያንኛ የሚያነብ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ፎርኬታና ጎሚስታ ብቻ ይዞ ደግሞ ታሪክ አይገባም።

ስለ ጣሊያን ካነሳን አይቀር፣ ኮርቶ ማልቴዜ የሚባለውን የካርቱን መርከበኛ የፈጠረው ሁጎ ፕራት ልጅነቱን ያሳለፈው በወረራው ዘመን እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። በ1937 መጣ፣ የአሥር ዓመት ልጅ። አባቱ በእንግሊዞች ተማርኮ በእስር ሞተ። ልጁና እናቱ ድሬዳዋ ካምፕ ውስጥ ተያዙ። እዚያ ካምፕ ውስጥ ልጁ ከጠባቂዎቹ ካርቱን ይገዛ ነበር። ይህን ታሪክ ለጋሼ ነገርኳቸው፣ የሚነካቸው መስሎኝ። ትንሽ አሰቡና "በስንት ሸጡለት?" አሉ።

አንድ ጊዜ ደግሞ የእኛኑ አገር "ጀምበር" የተባለውን፣ በ2018 የወጣውን ኢትዮጵያዊ ካርቱን፣ እንዲያነቡት ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ስመለስ መደርደሪያ ላይ አገኘሁት። 200 ብር። በሰማያዊ። መልሼ ገዛሁት፤ ወደ 150 አስቀንሼ።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ይከፍታሉ፣ ወደ 11 ሰዓት ይዘጋሉ። ዓርብ ለሰላት ይሄዳሉ፤ እስከ 8 ሰዓት አትጠብቋቸው። ሐሙስ አዲስ ዕቃ ይገባል፣ ግፊያውም ያኔ ነው። ካርቱን ከ60 እስከ 150 ብር ነው፤ መከራከር ይቻላል፣ ስለ 6 ሚሊዮን ዶላር ግን አታውሩ። ቴሌብር አለ፣ ስልኩ የልጃቸው ስለሆነ ደውላ እስክታረጋግጥ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። መብራት አንድ አምፖል ነው፣ የስልክ ባትሪ ሞልታችሁ ሂዱ። ማስክ ያዙ። ነጭ ልብስ አትልበሱ። አጠገቡ ቡና የምታፈላ ሴት አለች። ቡናው ጥሩ ነው ወይ? ጅማ ሆኖ ይህን መጠየቅ ነውር ነው፣ ግን አይደለም። ታሳርረዋለች። ቤሶዋ ግን ጥሩ ነው።

የተቀደዱትን በኪሎ ስለመሸጣቸው ተነጋግረናል። አሁን ካርቱን ያለበትን ለይተው ያስቀምጡልኛል፣ በኦቾሎኒ ሻጮቹ ዋጋ እወስደዋለሁ። ገጽ ከገጽ እያገጣጠምኩ አንድ ሙሉ ታርዛን ለማውጣት አራት ገጽ ቀርቶኛል። መናኸሪያ ያለችው ልጅም ስታይ ታስቀርልኛለች። የእሷ ዋጋ ግን ከጋሼ ይበልጣል።

ባለፈው ወር ዝናብ አስጠልሎኝ እዚያው ቆየሁ። ሁለት ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው ገቡ። ጋሼ ማንበብ አይከለክሉም፣ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ያነበበ ሁሉ በነፃ ነው። አንደኛው በግራ እጁ ሸንኮራ ይዟል። በቀኙ ቴክስ አነሳ። ጣሊያንኛ አያውቅም። ሥዕሉን እያየ ለጓደኛው በኦሮምኛ ይተርክለት ጀመር፤ ካውቦዩ ፈረሱን ሰርቀውበት ነው፣ ሌባው ያ ባለ ጢሙ ነው፣ እሱ ደግሞ የአጎቱ ልጅ ነው፣ በርስት ተጣልተው ነው። ሸንኮራውን ይመጥጣል፣ በዚያው እጁ ገጽ ይገልጣል። እያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ የጣቱ አሻራ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። እጄን ልዘረጋ ስል ጋሼ አዩኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "ተይው" ዓይነት። ተውኩት። ሌባው በመጨረሻ ታርቆ ፈረሱን መለሰ። ገጹን ሳየው ግን ሰውየው በጥይት ተመትቶ ወድቋል።

ዝናቡ ሲያባራ ልሄድ ስነሳ ጋሼ ጠሩኝ።

"አንቺ፣ ነይ። አዲስ ገብቷል።"

ቁጥር 64 ነው፣ ክላሲክስ ኢለስትሬትድ። ሽፋኑ ንጹሕ። የኋላውን ገለበጥኩ፣ አሁን ልምድ አለኝ። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ዋጋው ጥግ ላይ፣ በትንሹ፣ በእርሳስ ነው የተጻፈው።

"እንዳልሽው ነው" አሉ። "ላጲስም ገዝቻለሁ።"

እዚያው ፊቴ አጠፉት፣ በኩራት። እርሳሱ ጠፋ። ወደ አምፖሉ አዘንብዬ አየሁት። እንደ ልማዳቸው አጥብቀው ስለጻፉት "120" የሚለው ወረቀቱ ላይ ጎድጉዶ ቀርቷል፤ ሁለቱ መስመርም ጭምር። ገልበጥ ሳደርገው ውስጥ ገጹ ላይም በጣት ይዳሰሳል።

120 ከፍዬ ወሰድኩት። አላስቀነስኩም።